ቆራሌው ፈተና ላይ አይመጣም

ባለፈው ሴሚስተር ልጄ የአካባቢ ሳይንስ ፈተናዋን ይዛ መጣች። አራተኛ ክፍል ናት። ውጤቷ ጥሩ ነው፣ አንድ ጥያቄ ላይ ግን ትልቅ ቀይ ኤክስ አለ። ጥያቄው "ቤት ውስጥ ያገለገሉ የፕላስቲክ ዕቃዎችን ምን እናደርጋቸዋለን?" ይላል። ልጄ "ለቆራሌው እንሸጣለን" ብላ ጽፋለች። ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ ትክክለኛው መልስ ተቀምጧል፦ "በቆሻሻ ገንዳ ውስጥ እንጥላቸዋለን።"

እሷ ብዙም አልከፋትም። አንድ ማርክ ናት፣ ቦርሳዋን ወርውራ ልትጫወት ወጣች። እኔ ግን ወረቀቱን እራት ላይም አየሁት፣ ከተኛች በኋላም አየሁት። ከነከነኝ። ምክንያቱም እኛ ቤት ሃይላንድ ገንዳ ውስጥ አይገባም። ከኩሽናው በር ጀርባ አንድ ማዳበሪያ አለ፤ ባዶ ሃይላንዱም፣ የዘይት ጄሪካኑም፣ እግሩ የተሰበረ የፕላስቲክ ወንበርም እዚያ ይጠራቀማል። ቅዳሜ ጠዋት "ቆራሌው!" የሚል ጥሪ ሲሰማ ሮጣ በር የምትከፍተው እሷ ናት። ዋጋ የምትከራከረውም እሷ ናት። ከእናቷ ወርሳው ነው መሰለኝ፣ አንድ ብር አትለቅም።

ስለዚህ ልጅቷ የምታውቀውን ነው የመለሰችው። ደግሞ ልክ ናት። ከየሰፈሩ የሚወጣው ብረትና ፕላስቲክ በብዙ እጅ ዞሮ ወይ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል ወይ ፋብሪካ ይገባል። በርሜሉ ምድጃ ይወጣዋል፣ የመኪናው ጎማ በረባሶ ይሆናል፣ ሃይላንዱ ተፈጭቶ እንደገና ይሸጣል። ይሄ ሁሉ የሚጀምረው ጆንያ ተሸክሞ በእግሩ ከሚዞር ልጅ ነው።

ገንዳ ውስጥ የገባው ደግሞ የት እንደሚሄድ ለአዲስ አበባ ሰው መንገር አያስፈልግም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም ምሽት ላይ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ሞቷል። ሕፃናትም ነበሩበት። እንግዲህ የፈተናው ወረቀት ትክክል ነው ያለው መልስ መጨረሻው እዚያ ነው፣ ስህተት ነው ያለው ደግሞ ያንን ክምር የሚቀንሰውን ነው።

ቲቸሯ መሳቢያዋን ስትከፍት

በሳምንቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ማርክ ልለምን አይደለም፣ ለግማሽ ማርክ ቢሮ ለቢሮ የሚዞር ወላጅ ራሴም አልወድም። እንዲያው ምን እንደታሰበ ለማወቅ ነው። ቲቸሯ ወጣት ናት፣ ደከም ያለች፣ ጠረጴዛዋ ላይ ያልታረመ ደብተር ተቆልሏል። ወረቀቱን አሳየኋት።

"እሷ ብቻ እንዳትመስልዎት" አለችኝ። "ብዙ ልጆች ቆራሌው ብለው ነው የጻፉት። ሁሉንም ኤክስ አድርጌያለሁ።"

"ለምን?"

"የመልስ መስጫው ላይ የለማ። እኔ ልክ ነው ብዬ ብሰጥ፣ ጎን ያለው ክፍል ቲቸር አይሰጥም። ከዚያ የዚያኛው ክፍል ወላጅ ይመጣል። ከዚያ ዳይሬክተሩ እኔን ይጠራኛል።" ትንሽ ዝም አለችና ጨመረች። "ሚኒስትሪ ላይ ደግሞ ቆራሌው የሚል ምርጫ የለም፣ ከአሁኑ ቢለምዱት ይሻላል።"

መልስ መስጫውን ልታሳየኝ መሳቢያዋን ከፈተች። እኔ ዓይኔ የሄደው ሌላ ነገር ላይ ነው። የአምናና የካቻምና ፈተናዎች በአንድ በኩል ብቻ የታተሙ ናቸው፣ ባዶውን ጀርባቸውን ወደ ላይ አድርጋ እኩል ቆርጣ በክር ሰፍታቸዋለች። ጥርት ያሉ ማስታወሻ ደብተሮች። የተረፉ ጠመኔዎች በእርጎ ዕቃ ውስጥ ተቀምጠዋል። ልጆች ጥለዋቸው የሄዱ እርሳሶች ተቀርጸው በላስቲክ ታስረዋል። ደብተር ያለቀበት ልጅ ሲመጣ ከሰፋችው አንዱን አውጥታ እንደምትሰጥ ነገረችኝ።

"ይሄንን ለልጆቹ ያስተምሯቸዋል?" አልኳት።

ሳቀች። "ይሄ እኮ ትምህርት አይደለም" አለችኝ። "የራሴ ቁጠባ ነው።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኤክሱ ይልቅ የሚመላለስብኝ ይሄ አባባሏ ነው። ሴትየዋ እጇ ላይ ያለው ነገር በወርክሾፕ በወረቀት የሚደሰኮርለት ነው። ያለውን አብቃቅቶ መጠቀም፣ የማያስፈልገውን አለመግዛት፣ ያገለገለውን ለሌላ ሥራ ማዋል። ግን ለእሷ ይሄ ከትምህርት ውጪ ነው። መሳቢያ ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሰው ካየው ትንሽ የሚያሳፍር ነገር ነው። መሳቢያውን ስትዘጋ ፈጠን ብላ ነው የዘጋችው፤ የታዘብኳት መስሏት እንደሆነ አላውቅም።

ለምን አሳፋሪ ሆነ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፣ እስቲ ከሥሩ እንየው። እኛ ስናድግ አንድ ልጅ ሲሰንፍ ምን ነበር የሚባለው? "ካልተማርክ ቆራሌ ነው የምትሆነው።" ወላጅም ይለዋል፣ አስተማሪም ይለዋል፣ አሁንም ድረስ ይባላል። ባለፈው ራሱ አንድ አባት በር ላይ ልጁን ሲቆጣው ሰምቻለሁ፣ ቃል በቃል። እንግዲህ ቆራሌው ማስፈራሪያ በሆነበት ግቢ ውስጥ፣ ፕላስቲክ ለቆራሌው ይሰጣል የሚል መልስ እንዴት ልክ ይሆናል? ልጁ የሚረዳው ቀላል ነው፤ ትምህርት ማለት ከዚያ ኑሮ መሸሽ ነው። ደብተር መስፋት፣ ዕቃ ማጠራቀም፣ የታላቅን ልብስ መልበስ ያጡ ሰዎች ሥራ ነው። የተማረ ሰው አዲስ ይገዛል፣ አሮጌውን ይጥላል። ይሄንን ማንም ሰሌዳ ላይ አልጻፈውም፣ ግን ልጆች ከማንኛውም ምዕራፍ በላይ አጥርተው ያውቁታል።

ወረቀት ላይማ አለ

ሰነዱ የለም እንዳይባል ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተባበሩት መንግሥታት ከጸደቁት 17 የዘላቂ ልማት ግቦች 12ኛው ስለ ፍጆታና ምርት ነው። ከሥሩ 12.8 የሚባል አለ፤ እስከ 2030 ድረስ ሰው ሁሉ ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ ለመኖር የሚያስችለው መረጃና ግንዛቤ ይኑረው ይላል። እኔን የሳበኝ መለኪያው ነው። አገሮች የሚጠየቁት ይሄ ትምህርት አራት ቦታ መግባቱን ነው፤ በፖሊሲ፣ በሥርዓተ ትምህርት፣ በመምህራን ሥልጠና እና በተማሪዎች ምዘና። ምዘና! እኛ ጋ ምዘና ውስጥማ ገብቷል። ገብቶ ነው ኤክስ የተደረገበት።

በ2015 ዓ.ም (በእኛው አቆጣጠር) በአገር ደረጃ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርትም አገር በቀል ዕውቀት ይካተት የሚል ሐሳብ አለው። ግብረ ገብም ተመልሷል። ጥሩ ነው። ግን አገር በቀል ዕውቀት ሲባል ሁሌ የሚታሰበን የገጠሩ ነው፤ እርከኑ፣ ጎተራው፣ የአያቶች መድኃኒት። የከተማው አይታሰበንም። ልዋጭ አሮጌ ልብስ ተቀብሎ ሳፋ የሚሰጠው፣ ጫማ ሰፊው፣ የሬዲዮ ጠጋኙ፣ ባለ ጆንያው፣ ይሄም እኮ ሰው ተጨንቆ ያመጣው ዕውቀት ነው።

የጠርሙሱን ነገር ውሰዱ። ባዶ ጠርሙስ ይዞ ሱቅ መላክ የማንኛችንም የልጅነት ሥራ ነበር። ጠርሙስ ካልያዝክ ለስላሳ የለም፣ ወይ ለጠርሙሱ ታስይዛለህ። ያ ጠርሙስ ታጥቦ፣ ተሞልቶ፣ ተመልሶ ይመጣል። አውሮፓ ውስጥ አሁን ፕላስቲክ ጠርሙስ ለመለሰ ሳንቲም የሚመልስ ማሽን ሱፐርማርኬት በር ላይ ተተክሏል፤ እኛ ባለሱቁ ራሱ ማሽኑ ነበር። ዛሬ ለስላሳው በፕላስቲክ ሆነና ልጄ ባዶ ጠርሙስ ይዛ ሱቅ የምትሄድበት ምክንያት ጠፋ። ስለ ማስያዣ ሒሳብ አንድ ጥያቄ ሒሳብ መጽሐፍ ውስጥ ቢገባ ምን ነበረበት።

የአካባቢ ጥበቃ ሳምንት

ከዚያ ደግሞ ሁለተኛው ሴሚስተር መጣና የአካባቢ ጥበቃ ሳምንት ይከበራል ተባለ። ማስታወሻ ደረሰን። እያንዳንዱ ተማሪ አሥር ባዶ ሃይላንድ ይዞ ይምጣ፤ መጠናቸው እኩል ይሁን፣ ንጹሕ ይሁኑ፣ የላዩ ወረቀት ይላጥ። ለአበባ መትከያ ነው።

እኛ ማዳበሪያችን ውስጥ ያለው ትልቅም ትንሽም የተጨማደደም ነው። እኩል አሥር የሚጠጣ ቤተሰብ የት አለ? በማግስቱ ሱቅ ስሄድ አንዲት እናት ግማሽ ሊትር ውሃ በእሽግ እየገዛች ነው። ባለሱቁ "የፕሮጀክት ነው አይደል?" አላት። ከጠዋት ጀምሮ ሲሸጥ ነው የዋለው። "ውሃውን ጀሪካን ውስጥ እገለብጠዋለሁ፣ ምን ላድርግ" አለች እየሳቀች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይሄ ነው። ፕላስቲክ ለመቀነስ ፕላስቲክ ተገዛ።

ጠርሙሶቹ ተቆረጡ፣ ቀለም ተቀቡ፣ አፈር ተሞሉ፣ ፎቶ ተነሱ። ፎቶው ያምራል፣ አልዋሽም። ሳምንቱ ሲያልፍ አበባው ደረቀ። ቀለም የነካውንና አፈር የገባበትን ደግሞ ቆራሌው አይፈልገውም። ሁሉም ገንዳ ገባ። የፈተናው መልስ በመጨረሻ ልክ ሆነ ማለት ነው።

ይሄንን የምለው በአስተማሪዎቹ ለመሳለቅ አይደለም። ከላይ የሚመጣው ትእዛዝ ሳምንት አክብሩ፣ ፎቶ ላኩ፣ ሪፖርት ጻፉ ነው። መሳቢያ ውስጥ ያለ የተሰፋ ደብተር ሪፖርት ላይ አይወጣም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ አዲስ ነገር ለማሳየት ስንሯሯጥ በእጃችን የነበረውን እየጣልን ነው።

ስም የተጻፈበት መጽሐፍ

በእኛ ጊዜ መንግሥት ትምህርት ቤት መጽሐፍ ይሰጥሃል፣ ሰኔ ላይ ትመልሳለህ። ካልመለስክ ካርድ የለም። በዚያ ጊዜ "ዘላቂ ፍጆታ" የሚል ነገር ማንም አላስተማረንም። ግን መስከረም ላይ መጽሐፉ ሲደርስህ መጀመሪያ የምትከፍተው ሽፋኑን ነው፤ ከአንተ በፊት የያዙት ልጆች ስም ተደርድሯል። አንዳንዱን ታውቀዋለህ፣ የሰፈር ጎረምሳ ነው። ከሥራቸው የራስህን ትጽፋለህ። በጋዜጣ ወይ በአሮጌ ካላንደር ትሸፍነዋለህ፣ አባቱ ግንበኛ የሆነ በሲሚንቶ ወረቀት ይሸፍነዋል። ያለቀው ደብተር ደግሞ ቆሎ የምትሸጠው ሴትዮ ጋ ይሄዳል። የራስህ የሒሳብ ቤት ሥራ ተጠቅልሎ፣ ከነስህተቱ፣ ቆሎ ይዞ ሲመለስልህ የሚያስቅ ነገር ነበረው።

እዚህ ላይ ድህነትን እያሞገስኩ እንዳይመስላችሁ። አንድ መጽሐፍ ለሦስት ሆነን ያነበብንበት ጊዜ ነው፣ ማንም ተመለስ ቢለኝ አልመለስም። የምለው መጽሐፍ የመመለሱ ሥርዓት ራሱ ያስተምር ነበር ነው። ዕቃው ያንተ አይደለም፣ ከአንተ በኋላ የሚመጣ አለ፣ ስለዚህ አትቅደደው። አሁን ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት መልመጃው እዚያው መጽሐፉ ላይ ይሞላል። ዓመቱ ሲያልቅ ለማንም አይሆንም። ዩኒፎርሙም እንዲሁ። አርማው በክር ጥልፍ ነው፣ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ትንሽ ይቀየራል፣ የታላቅ ሹራብ ለታናሽ አይደርስም። ስለ አካባቢ ጥበቃ ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ ራሱ አንዴ ተጽፎበት የሚጣል ነው። ልጆች ይሄን አያዩም ብላችሁ ነው?

አዋጅ ብቻውን

ትምህርት ቤቱ ሲተወው ነገሩ ለሕግ ይቀራል። ሕጉንም አየነው። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳ ፌስታል ማምረትም ማስገባትም ከልክሎ ነበር። ያኔ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል። ስለዚያ አዋጅ ክፍል ውስጥ ሰማሁ የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ስስ ፌስታል ከጉሊት እስከ ሱፐርማርኬት ሞልቶ ነበር። በ2017 ዓ.ም ደግሞ አዲስ አዋጅ ወጣ፣ ፌስታል ተከለከለ፣ ይዞ ለተገኘ ሰው ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት ተቀመጠ።

መከልከሉን እደግፋለሁ። ግን ሰው ስለ ቅጣቱ ብቻ ነው ያወራው። ጎረቤቴ እትዬ ከቁም ሳጥን ላይ የድሮ ዘንቢላቸውን አውርደው አራግፈው ይዘው ወጡ፣ ለእሳቸው አዲስ ነገር የለውም። የተቸገረው ከእኔ በታች ያለው ትውልድ ነው፤ ያለ ፌስታል ቲማቲም ምን ላይ እንደሚያዝ የማያውቅ። ዲግሪ አለው እኮ። 16 ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ገበያ ሲወጣ ዘንቢል ይዞ መውጣት የሚባል ነገር አንድም ቀን አልተነሳለትም።

ለማን ነው "ቀንሱ" የሚባለው?

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። በውጭ አገር የሚዘጋጁት የማስተማሪያ ጽሑፎች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ልጆች ብዙ ነገር አላቸው ከሚል ነው። እኛ ጋ እንደዚያ ተብሎ ክፍል ውስጥ አይገባም። አዲስ አበባ ውስጥ መንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ የሚመግቡት እኮ ሳይበላ የሚመጣ ልጅ ስላለ ነው፣ ክፍል ውስጥ የሚወድቅ ልጅ ስለነበረ ነው። ለዚያ ልጅ "ፍጆታህን ቀንስ" ማለት ነውር ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው መጨመር ነው።

የሚገርመው ግን ምገባው ራሱ ከብዙ የግል ትምህርት ቤት ካፌ የተሻለ ትምህርት ቤት ነው። ምግቡ እዚያው ይበስላል፣ በሳህን ይቀርባል፣ ሳህኑ ታጥቦ ይመለሳል፣ ማሸጊያ የሚባል ነገር የለውም። እኔ ልጄን የምልክበት ግቢ ደግሞ በእረፍት ሰዓት የቺፕስና የጁስ ላስቲክ ይነፍስበታል፤ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ያለውን ትታ የምትመጣበት ቀንም አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል፣ ከዚህ 60 በመቶው ከመኖሪያ ቤት የወጣ ነው። እንግዲህ ትምህርቱን ማን ለማን ያስተምር? እኔ ብሆን የግል ትምህርት ቤት ልጆችን ለጉብኝት ወደ መዝናኛ ፓርክ ከምወስድ አንድ ቀን መንግሥት ትምህርት ቤት ምገባ አዳራሽ ሳህን ሲታጠብ እንዲያግዙ እወስዳቸው ነበር። ወላጅ ግን ይፈቅዳል? እጠራጠራለሁ።

ስብሰባው

ይሄ ሁሉ ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ቆይቶ የወላጆች ስብሰባ ደረሰ። እጄን አወጣሁ። የጠየቅኩት ብዙ አይደለም። መልመጃ በደብተር ይሠራና መጽሐፉ ለሚቀጥለው ልጅ ይተላለፍ፣ አርማው የሚሰፋ ጨርቅ ሆኖ ለብቻው ይሸጥ፣ ቆራሌው ብሎ የጻፈ ልጅ ማርኩን ያግኝ።

ማርኩ ላይ ሰው ሳቀ። ዳይሬክተሩ ግን ሳይስቁ ጻፉት፣ የመልስ መስጫው ላይ እንዲጨመር ለትምህርት ክፍሉ እንነግራለን አሉ። አርማው ላይ ከአቅራቢው ጋር ውል ስላለ ለዘንድሮ አይሆንም ተባለ። ከኋላዬ የተቀመጡ የሦስት ልጆች እናት ተነስተው ውሉ መቼ እንደሚያልቅ ጠየቁ፣ መልስ አልነበረም።

ጭቅጭቁ መጽሐፉ ላይ ሆነ። ግማሹ ወላጅ ደስ አለው፣ ወጪ ይቀንሳል። አንድ አባት ግን በጣም ተቆጡ። "እኔ ይሄን ያህል የምከፍለው ልጄ በሰው አሮጌ መጽሐፍ እንዲማር ነው?" አሉ፣ ያጨበጨበላቸውም አለ። ከመምህራኑ መቀመጫ የልጄ ቲቸር እጇን አወጣች። መናገር የምትወድ ሰው አይደለችም። መጽሐፉ በእርሳስ ከተሠራ በላጲስ እንደሚጠፋ፣ እሷ አምና ሞክራው እንደሠራ ተናገረች። ሰውየው "ቲቸር፣ ይሄ ያንቺ ጉዳይ አይደለም" አሏት። ዳይሬክተሩ ጣልቃ ገብተው ነገሩን አበረዱት፣ ነሐሴ ላይ ምዝገባ ሲጀመር ድምፅ ይሰጥበታል ተባለና ተበተንን።

ነሐሴ ላይ እገኛለሁ። እስከዚያ ድረስ የልጄ የአራተኛ ክፍል መጽሐፎች በእርሳስ ነው የተሠሩት፣ ላጲስ ተደርጎባቸው ተቀምጠዋል። አካባቢ ሳይንሱ ብቻ ሽፋኑ ትንሽ ተቀዷል። ሰፈራችን ውስጥ የምትፈልጉ ካላችሁ ንገሩኝ፣ በነፃ ነው።